ፀሐይ ምን ሰረቀች?

«ፖሊስ ጥሩ!» አለ አንዱ ተማሪ የግድግዳ መጽሔቱ ላይ ተንጠራርቶ። «ጸሀይ ሰረቀች ይላል!»

«ምን ሰረቀች?»

«የኔን ደብተር! የቤት ሥራዬን ያልሠራሁት ለዚህ ነው!»

ኮሪደሩ በሳቅ ተናጋ። ገጣሚው ከኋላ ቆሞ እስከ ጆሮው ቀልቷል። ግጥሙ በትምህርት ቤቱ መጽሔት ሲወጣ የመጀመሪያው ነበር።

ከጎኑ የቆመችው ጓደኛው ግን ዓይኗ መሬት መሬት ያይ ነበር። ኪሷ ሁልጊዜ በኪቦርድ ቁልፎች ስለሚንኳኳ «ቁልፌ» ይሏታል። የቴክኖሎጂ ክበቡ ላፕቶፖች ተገጣጣሚ ናቸው፤ ኪቦርዱን አውጥቶ ሌላ መግጠም ይቻላል፤ ፕሮግራሙም ለሁሉም ክፍት ስለሆነ የፈለገ ሰው ፊደሎቹን እንዳሻው ይደረድራል። ቁልፌም ደረደረች። ሞክሼ ፊደሎችን ጠራርጋ አውጥታ «አንድ ድምፅ፣ አንድ ቁልፍ!» ብላ ፎከረች። የገጣሚውን ግጥም የተየበችውም በዚሁ ኪቦርድ፣ ፍጥነቷን ልታሳየው ነበር። ከእረፍት በኋላ ክበቡ ድምፅ ይሰጣል፤ ካለፈ የሷ ኪቦርድ በሁሉም ላፕቶፖች ላይ ይገጠማል።

የአማርኛ መምህርቷ ደርሰው መነጽራቸውን አስተካከሉ። «‹ሠረቀች› በንጉሡ ሠ ሲጻፍ ‹ወጣች› ማለት ነው። በእሳቱ ሰ ጽፋችሁ ሌባ አደረጋችኋት! ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል። ማነው የተየበው?»

ቁልፌ አፏን ከፈተች። ገጣሚው ቀደማት።

«እኔ ነኝ ቲቸር። ፊደሉ ተምታቶብኝ ነው።»

«ገጣሚ ሆነህ!» አሉና ራሳቸውን እየነቀነቁ ሄዱ።

«ለምን ዋሸህ?» አለችው ወደ ክበቡ ክፍል ሲሄዱ።

«ኪቦርድሽ ሌባ ይፈጥራል ካሉ ማን ይመርጥሻል?»

«ዓመቱን ሙሉ ሙድ ሲይዙብህ ሊከርሙ ነው እኮ!»

«ካፈርኩ አይመልሰኝ» አለ እየሳቀ። ሳቁ ግን ቶሎ ከሰመ። ቁልፌ አፈረች፤ ከልቧ አፈረች።

ክፍሉ ሞልቷል። የክበቡ ሊቀ መንበር ላፕቶፑን ከትልቁ ስክሪን ጋር አገናኝታ «በይ እንግዲህ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፊልን» አለቻት።

የተዘጋጀ ነበራት፦ ድመቷ ግድግዳው ላይ ወጣች። አንድም ሞክሼ የለበትም። ሦስት ሰከንድ አይፈጅባትም፤ ማንም አይነቃም። ጣቶቿን አሳረፈች። ከዚያ ቀና ስትል ገጣሚውን አየችው፤ ከመጨረሻው ወንበር ሆኖ አውራ ጣቱን ቀስሮላታል።

ፕሮግራሙን ከፈተችና ያወጣቻቸውን ፊደሎች አንድ በአንድ መለሰች። ሲጨርሱ የተለወጠውን ነገር የሚገልጹበት፣ ኪቦርዱን የሚጠቀም ሁሉ የሚያነበው ቦታ አለ። እዚያ ላይ፣ ሰው ሁሉ በትልቁ ስክሪን እያያት፣ ቀስ ብላ ጻፈች፦

«ንጉሡ ሠ ከነወንድሞቹ ወደ ዙፋኑ ተመልሷል። ያወረድኩት እኔ ነኝ። ግጥሙንም የተየብኩት እኔ ነኝ። ፀሐይ ከክሱ ነፃ ናት።»

ከዚያ ሳቁ ፈነዳ። አሁን ግን ጆሮዋ የቀላው ቁልፌ ነበረች።

«ታዲያ ድምፅ እንስጥ?» አለች ሊቀ መንበሯ።

«ይቆይ፤ ገና አላለቀም።» ቁልፌ አንድ ወንበር ከጎኗ ሳበችና ወደ ኋላ ተጣራች። «ና በናትህ! የትኛው ፊደል የት ይሁን?»

ገጣሚው መጥቶ ተቀመጠ። «ንጉሡን አውርደሽ በቦታው ማንን አነገሥሽ?»

ቁልፌ ፊት የተሳለበትን ቁልፍ አሳየችው። «ፈገግታ።»

«እሱንስ አሁን የት እናድርገው?»

ቁልፉን ነቅላ ኪሷ ከተተችው። «ቦታ እስክናገኝለት እኔ ጋ ይቆይ» አለችና ኪቦርዱን ወደ እሱ ገፋችለት።