ለዘበኛው ያልደረሱት ቃላት

«ነጭ ነው! ኧረ ሚጡ፣ ገጹ ነጭ ሆነ!»

«አይቻለሁ። አትጩሂብኝ።»

«አንድ ቃል እንኳ የለበትም እኮ! ቲያትሩ የት ገባ?»

ሚጡ አፍንጫዋ ስክሪኑን ሊነካ እስኪደርስ ተጠግታ ፋይሉን ከላይ ወደ ታች ታነባለች። የትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ክፍል በምሳ ሰዓት ጭር ይላል፤ ዛሬ ግን ከጀርባዋ የቆመችው ጓደኛዋ ብቻዋን ሞልታዋለች። ይህችን ልጅ «ሬዲዮ» ያሏት ያለ ምክንያት አይደለም። ጠዋት የተከፈተ አፏ የሚዘጋው ማታ ስትተኛ ነው፤ እሱንም እናቷ ይጠራጠራሉ።

«ለቲቸር ግን አልቋል ብያቸዋለሁ» አለች ሬዲዮ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ሚጡ ዞረች። «ምን አልሽ?»

«ከምሳ በኋላ ለሁሉም ተዋናይ የየራሱን ወረቀት እናድላለን አልኳቸው። በደንብ ሞክረነዋልም ብያለሁ።»

«መቼ ነው የሞከርነው?»

«ይኸው እየሞከርን አይደል እንዴ!»

ሚጡ መቆጣትም መሳቅም አማራት። ለሁለቱም ጊዜ የለም። ወደ ፋይሉ ተመለሰች፤ ድንገት ዓይኗ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። የሐኪሙ ንግግር አልቆ የነጋዴዋ የሚጀምርበት ቦታ ነው። የንግግሩን መጀመሪያና መጨረሻ የሚያሳየውን ምልክት፣ ታጉን፣ ከፍታ አልዘጋችውም! አንዲት ትንሽ ሰያፍ ጭረት ስለጎደለች ኮምፒውተሩ ሙሉውን ቲያትር አላነብም ብሎ አኩርፏል።

ጭረቷን ጨመረች። ትንፋሿን ውጣ ገጹን እንደገና ከፈተችው።

ስክሪኑ ላይ ቃላት ግጥም አሉ። ከላይ በጥቁር ደማቅ «ዘበኛ» ይላል። ከሥሩ የዘበኛው ንግግሮች ተራ በተራ ተሰልፈዋል፤ ከእያንዳንዱ በላይ ደግሞ እሱ አፉን ከመክፈቱ በፊት ሌላው ሰው የሚለው የመጨረሻ ቃል በደቃቅ ፊደል ተቀምጧል። ሚጡ የገጹን መልክ የሚያዘውን አንድ ቃል ቀየረች፤ የመብራት ሠራተኛው ገጽ መጣ፤ ንግግር የለ፣ ልብስ የለ፣ የሚበራና የሚጠፋ መብራት ብቻ። አሁንም ቀየረች፤ የአልባሳት ገጽ ሆነ። ፋይሉ ያው አንድ ፋይል ነው።

ሁለቱም ተያይዘው ዘለሉ። አንድ ወንበር ወደቀ።

ቲያትሩ የክበቡ ልጆች ራሳቸው የጻፉት ኮሜዲ ነው። የአንድ ሕንፃ ነዋሪዎች ሊፍት ውስጥ ይዘጋሉ፤ ከውጭ ሊረዳቸው የሚችለው ብቸኛ ሰው ደግሞ ውስጥ ካለችው ነጋዴ ጋር ተኳርፎ የከረመው ዘበኛ ነው። ነገሩን ያወሳሰቡት የቲያትር መምህሯ ናቸው። በየልምምዱ ይቀይሩታል። ትናንት የተጨመረው ዛሬ ይሰረዛል፣ የተሰረዘው ነገ ይመለሳል። የልጆቹ ወረቀት እርስ በርሱ አልገጥም ብሎ አንዱ በአዲሱ ሲያለቅስ ሌላው በአሮጌው ይስቃል።

ሚጡ ከጥቂት ሳምንታት በፊት ይህን ለታላቅ እህቷ አጫውታት ነበር። እህቷ ሶፍትዌር ሠሪ ናት፤ ሥራዋ በትክክል ምን እንደሆነ ቤተሰቡ ጠይቆ ጠይቆ ተስፋ ቆርጧል።

«ኤክስኤምኤል ነዋ የሚያስፈልጋችሁ!» አለቻት። «እያንዳንዱ ነገር ምን እንደሆነ ትነግሪዋለሽ። ይሄ ንግግር ነው፣ ተናጋሪው ዘበኛው ነው። ይሄ እንቅስቃሴ ነው። ይሄ መብራት ነው። ምን መምሰል እንዳለበት ግን ትንፍሽ አትይም። መልኩን የሚወስነው ሌላ ፋይል ነው፤ ስታይልሺት ይባላል። ቲያትሩ አንድ፣ ስታይልሺቱ የፈለግሽውን ያህል።»

ከዚያ ወዲያ ሚጡ ሌላ ወሬ አልነበራትም። እራት ላይ ሳህኖቹን እያየች «ይሄ ታግ ቢሆን...» ስትል እናቷ «ዝም ብለሽ ብዪ» ይሏታል።

ገጹ በተስተካከለበት ቀን፣ ከምሳ በኋላ ወረቀቶቹ ታደሉ። መምህሯ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ገለጥ ገለጥ አደረጉ።

«ትናንት የቀየርኩት ሁሉ አለበት?»

«አለበት፣ ቲቸር። እርስዎ አንድ ቦታ ከቀየሩ የሁሉም ሰው ወረቀት ይቀየራል።»

«በየቀኑ ብቀይርስ?»

አዳራሹ ሙሉ አቃሰተ። መምህሯ ግን እንደ ልጅ ፈነደቁ። «የሌላውን ትምህርት ቤት ክበብ ኃላፊ ሐሙስ ልምምድ ላይ ጋብዣቸዋለሁ። መጥተው ይሄን ጉድ ይዩ! አስተማማኝ ነው አይደል?»

«ምን ነካዎት ቲቸር፣ ስንት ጊዜ ሞክረነው!» አለች ሬዲዮ አፏን ሞልታ።

ሚጡ ጫማዋን አየች። የራሷ ደስታ ግን የሬዲዮን ውሸት ዋጠው።

ረቡዕ ልምምድ ላይ ጉዱ ፈላ።

ዘበኛውን የሚጫወተው ቀጭኔ ነው። ቁመቱ ከክፍሉ ሁሉ ስለሚበልጥ የወጣለት ስም ነው፤ ድምፁ ግን እዚያ ቁመት ላይ የሚደርስ አልነበረም። የመጀመሪያው ዘበኛ ወረቀቶቹ በታደሉበት ሰሞን ትምህርት ቤት ሲቀይር መምህሯ ለምነው ያስገቡት እሱን ነው። መጀመሪያ ቀን ሲያጉረመርም ማንም አልሰማውም። በሁለተኛው ቀን ግን የዘበኛውን ቆብ ሲያደርግ ከየት መጣ የማይባል ወፍራም ድምፅ ወጣው፤ ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በየኮሪደሩ ቀና ብሎ መሄድ ጀምሯል።

አሁን ታሪኩ ጫፍ ላይ ደርሷል። ተኳራፊዎቹ ዘበኛውና ነጋዴዋ ከበሩ በዚህና በዚያ ሆነው፣ በአንድ አፍ እየተናገሩ በሩን ይስቡታል። ነጋዴዋን የምትጫወተው ሬዲዮ ናት።

«አንድ ላይ እንሳብ! አሁን!» አለች ሬዲዮ።

ከበሩ ወዲያ ድምፅ የለም። ቀጭኔ ቆቡን አድርጎ ቆሟል።

«አንድ ላይ እንሳብ! አሁን!» አለች ደግማ።

ቀጭኔ መምህሯን አየ። ከኋላ የተቀመጡት ልጆች ሳቅ አፈናቸው።

«ቃሉን አላጠናኸውም?» አሉ መምህሯ።

«አጥንቻለሁ ቲቸር። ይሄ ግን... ወረቀቴ ላይ የለም።»

«እንዴት አይኖርም?»

«ሁሉም ወረቀት ላይ አለ ቲቸር!» አለች ሬዲዮ ከበሩ ብቅ ብላ። «ሚጡ አንድ በአንድ አይታዋለች። ረስቶት ነው።»

ሁሉም ወደ ሚጡ ዞረ። ሚጡ አፏን ከፈተች። አንድ በአንድ አላየችውም። አለ ለማለትም የለም ለማለትም አታውቅም። መምህሯ ግን መልሷን አልጠበቁም።

«እንግዳ ጠርቻለሁ» አሉ በድካም። «ነገ በቃልህ ካልያዝከው ለሌላ ሰው መስጠቴ ነው። አዝናለሁ።»

ቀጭኔ ቆቡን አውልቆ ወንበር ላይ አስቀመጠ። ወረቀቱንም እዚያው ትቶት ወጣ።

ሚጡ ወረቀቱን አንስታ እግሯ እስኪነቃ ወደ ቤት ሮጠች። እህቷ በዚያን ቀን ከቤት ነበር የምትሠራው፤ ጠረጴዛው ላይ ላፕቶፗን ዘርግታ ቲማቲም እየገመጠች ነው።

«እታለም፣ ነይ እዪልኝ። አንድ ቦታ ቃል እየበላብኝ ነው።»

ወረቀቱንና ፋይሉን ጎን ለጎን አደረጓቸው። ሚጡ በጣቷ እየተከተለች አነበበች፤ ጫፉ ላይ ስትደርስ ክው አለች። ፋይሉ ላይ ንግግሩ አለ። ወረቀቱ ላይ የለም። ቀጭኔ እውነቱን ነው።

«ተናጋሪው ማን ነው ይላል?» አለች እህቷ።

«ዘበኛና ነጋዴ።»

«ስታይልሺቱስ የሚፈልገው ማንን ነው?»

«ተናጋሪው ዘበኛ የሆነውን...» ሚጡ ግንባሯን መታች። «ልክ ዘበኛ የሚለውን ብቻ! ‘ዘበኛና ነጋዴ’ ሲሆን እሱ አይመስለውም፣ ያልፈዋል! ሁለት ሰው አንድ ላይ የተናገረውን ሁሉ እየጣለው ነው! ሌሎቹ የድሮውን ወረቀት በቃላቸው ስለያዙ አላወቁም። ቀጭኔ ብቻ ነው በኔ ወረቀት የጀመረው!»

እህቷ ከወንበሯ ተነስታ ጨበጠቻት። «እንኳን ደስ አለሽ! የመጀመሪያው እውነተኛ ባግሽ፣ የፕሮግራም ስህተትሽ!»

«ምኑ ነው ደስ የሚለው? ልጁን አስባርሬዋለሁ እኮ!»

«እሱ ሌላ ነው። ይሄን ግን ራስሽ አገኘሽው። በይ አሁን አስተካክዪው።»

ሚጡ «ዘበኛ የሆነውን» የሚለውን «ዘበኛ የሚል ያለበትን» ብላ ቀየረችው። የጠፉት ቃላት ተግተልትለው መጡ። ልትጮህ ስትል ግን ዘበኛው በወፍራም ድምፁ እንዲህ እንዲል የሚያዝ መስመር አየች፦ «ባሌ ሆይ፣ ምሳህን ይዤልህ መጣሁ!»

እህትማማቾቹ ተያዩ።

«የዘበኛ ሚስት!» አለች ሚጡ። «የሚስቱም ስም ውስጥ ‘ዘበኛ’ አለ!»

እህቷ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ሚጡም የቀጭኔን ቁመት ከዚያ መስመር ጋር አስባ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ሳቁ ሲበርድ መላው ተገለጠላት፦ ስሞቹን አንድ ላይ ማጣበቅ አይደለም፣ ለእያንዳንዱ ተናጋሪ የራሱን ታግ መስጠት ነው። ሁለት ሰው ከተናገረ ሁለት ታግ። ጣቶቿ ከአሳቧ ቀድመው ይሮጡ ጀመር። ፋይሉን አስተካከለች፣ ስታይልሺቱን አስተካከለች፣ ገጹን ከፈተች። ዘበኛው የራሱን ሁሉ አገኘ፤ የሚስቱን ለሚስቱ መለሰ።

«አሁን አንድ ነገር ልሞክር» አለች። ሌላ ስታይልሺት ከፈተች፤ አጭር ነው። ዘበኛው ብቻውን የሚለው በጥቁር፣ ከሌላ ሰው ጋር የሚለው በቀይ እንዲወጣ የሚያዝ። ገጹ ሲከፈት ወደ ስክሪኑ ተጠጋች። ቀዩ አንድ ቦታ ላይ ብቻ አልነበረም። ከመጀመሪያው ትዕይንት ጀምሮ ተበትኗል። ቀጭኔ ሳይደርሰው የቀረው ጫፉ ላይ ያለው ብቻ አልነበረም፤ በፊተኞቹ ላይ ግን ሌሎቹ ጮክ ብለው ስለሚናገሩ የእሱ መጉደል አልታወቀም።

ሐሙስ ከልምምድ በፊት ሬዲዮ ኮምፒውተር ክፍል ውስጥ ስትሰማ አመድ መሰለች።

«በቃ፣ አዲሱን እንስጠው» አለች። «ቲቸር ቀይረውት ነው እንላለን። በየቀኑ ይቀይሩ የለ? ማን ያውቃል?»

«አንቺና እኔ።»

«ሚጡ፣ እባክሽ። እንግዳው አንቺን ብለው ነው የሚመጡት። እኔም ‘ስንት ጊዜ ሞክረነው’ ብያለሁ።»

ሚጡ ቀዩን ገጽ ፕሪንት አደረገች። ወረቀቶቹ ገና ትኩስ ሆነው ይዛ ወጣች። ቀጭኔን ያገኘችው ከአዳራሹ ጀርባ ደረጃ ላይ ነው፤ ቦርሳውን አዝሎ ለመግባትም ለመሄድም አልቆረጠም።

«እዪው» ብላ ሰጠችው፤ መሳሳቷን አውቃ «እየው» አለች።

አነበበ። ገለጠ። አነበበ።

«ይሄ ቀይ ሁሉ የኔ ነው?»

«ያንተ ነው። ሳይደርስህ የቀረው በኔ ምክንያት ነው። የሠራሁት ነገር ሁለት ሰው አንድ ላይ ሲናገር መለየት አልቻለም፤ እኔም ሳልሞክረው ሰጠሁህ።»

ቀጭኔ ወረቀቶቹን ጠቅልሎ ያዛቸው። ከዚያ ከንፈሩ በአንድ በኩል ፈገግ አለ። «እኔኮ አእምሮዬን መጠራጠር ጀምሬ ነበር። ትናንት እናቴን ‘እየረሳሁ ነው እንዴ?’ ብዬ ጠየቅኳት።» ተነስቶ ቆመ፤ በዚያ ወፍራም ድምፁ «አንድ ላይ እንሳብ! አሁን!» ሲል በግቢው የሚያልፉ ልጆች ዞር አሉ። ልክ እንደዚያ ነበር መሰማት የነበረበት።

«ቶሎ ነው የምይዘው» አለ። «ለቲቸር መንገር አያስፈልግም። እንግዳ ፊት ምን አዋረደሽ? እኔ ካወቅኩ ይበቃኛል።»

ከኋላቸው የደረሰችው ሬዲዮ በረጅሙ ተነፈሰች። «አየሽ? እሱ ራሱ ብሏል!»

ሚጡ ሁለቱንም አየቻቸው። መንገዱ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ማንም አይወቅሳትም። ግን ትናንት አዳራሹ በቀጭኔ ሲስቅ የሰሙት እነዚህ ሁለቱ ብቻ አልነበሩም።

«ሌላ ኮፒ አለኝ» አለች፣ ደረጃውን እየወጣች። «ለሁሉም የሚበቃ።»

አዳራሹ ውስጥ መብራቱ ገና አልጠፋም። መምህሯ ከፊት ረድፍ ከእንግዳው ጋር እየሳቁ ተቀምጠዋል። ሚጡ ስትመጣ ሲያዩ ፊታቸው በራ። «ይቺ ናት!» አሉ፣ «ያልኩዎት ልጅ ይቺ ናት!»

ሚጡ ከመምህሯ አጠገብ ተቀመጠች። ሬዲዮ በወዲያ በኩል መጥታ ከጎኗ ተቀመጠች፤ የመጀመሪያው ትዕይንት ላይ መድረክ ላይ መሆን ነበረባት። ሚጡ ወረቀቶቹን መምህሯ ጭን ላይ ዘረጋቻቸው።

«ቲቸር፣ መብራቱ ሳይጠፋ ቀዩን ይዩልኝ» አለች። «ስለ ቀዩ የምነግርዎት አለ።»