ጉንዳን አይዘልም

በሁለት ሺህ ሰባት ክረምት በቆቦ ሜዳ ዝናብ አልጣለም። ማሽላው ጉልበት ሳይደርስ ጠወለገ። ከብት ወደ ዋጃ ገበያ ተነዳ፤ ገዢ አጥቶ ተመለሰ። የሚጠጣ ውሃ ከቆቦ በጋሪ ይመጣ ነበር። በነሐሴ ከተራራው አንድ ደራሽ ጎርፍ ወረደና ቦዩን በደለል ሞልቶ ሄደ። ገበሬዎቹ ሌላ ደራሽ ሳይቀድማቸው ቦዩን ሊጠርጉ በጅጌ ተጠራርተው በጋራ ወጡ። ከቀትር በኋላ አላምረው የሚባለው ገበሬ በቦዩ መጨረሻ፣ በራሱ ማሳ ዳር፣ ጭንቅላቱ ተፈንክቶ ሞቶ ተገኘ።

ኢንስፔክተር ጌጤ ከቆቦ በባጃጅ ደረሰች። የቀበሌው ሚሊሻ ረመዳን የሚባለውን ገበሬ አስሮ ግራር ሥር አስቀምጦታል። የሟች ወንድሞች ጠመንጃ ይዘው ራቅ ብለው ቆመዋል።

«ለምን ታሰረ?»

«ትናንት ከሟች ጋር በውሃ ተጣልተዋል» አለ ሚሊሻው። «ጀንበር ሳትጠልቅ ነገሩ ካልጠራ ወንድሞቹ ደማቸውን ከእሱ ይወስዳሉ።»

«ገድለኸዋል?» አለችው ረመዳንን።

«ወላሂ አልገደልኩም። ውሃዬን ሰረቅህ አለኝ። በዚህ ክረምት የሚሰረቅ ውሃ ቢኖርማ ሌባ መባልም ባማረኝ!»

ጌጤ ወደ ሬሳው ወረደች። ቁስሉ ረጅምና ቀጭን ነው፤ የአካፋ ስለት ያወጣው። አፈሩ ጥቁር ዋልካ ነው።

«የሟች አካፋ የታለ? ቦይ ሊጠርግ የወጣ ሰው ባዶ እጁን አይመጣም።»

ገበሬዎቹ ዙሪያቸውን ፈለጉ፤ አልተገኘም። የሟች ሚስት ብዙነሽ ሬሳው አጠገብ ተቀምጣለች። አታለቅስም።

«እትዬ ብዙነሽ፣ ጧት ከጅጌው ተለይቶ ለምን ወረደ?»

«ውሃችን ለምን እንዳልደረሰ ሊያይ። በየክረምቱ የእነሱን ቦይ ሲጠርግ ይውላል። ወደ እኛ ማሳ ሲደርሱ ጅጌው ይበተናል። ለከርሞ ይሉታል። ስንት ከርሞ አለፈ!»

ገበሬዎቹ መሬት መሬት አዩ። ከመካከላቸው ሙላው፣ ማሳው ከአላምረው በላይ ያለው ሽማግሌ፣ ጭቃ የለበሱ እጆቹን ወደ ላይ አንስቶ «ወንድሜን! ወንድሜን!» ይላል።

«አያ ሙላው፣ ጧት የት ነበሩ?»

«ከጅጌው ጋራ ነዋ፣ ከላይኛው ቦይ! እነዚህን እጆች አታዪም ልጄ?»

ጌጤ ወደ ጅጌው መሪ ወደ ሙሀመድሰይድ ዞረች። «ነበሩ?»

«ነበረ መሰለኝ። ሁሉም ተከናንቦ፣ አጎንብሶ ነው የሚቆፍር። ማን የማንን ፊት ያያል?»

ሰዉን አስከትላ ወደ ግራሩ ተመለሰችና ከረመዳን ጎን ተቀመጠች። በግራሩ ግንድ ላይ ጉንዳኖች ተሰልፈው ይወጣሉ። አንዱን አተኩራ አየችው።

«ይሄኛው ቀንድ የለውም» አለች። «የፊት እግሮቹን አንስቶ ቀንድ አስመስሏቸዋል።»

በጭራሮ ነካችው። ጉንዳኖቹ በግንዱ ላይ ተራወጡ። እሱ ግን ዘለለና በክር ተንጠለጠለ።

ረመዳን እንደታሰረ ሳቀ። «ሸረሪት ነው ለካ! ይሄ አታላይ!»

«ካልደነገጠ አይታወቅም» አለችና ሚሊሻውን ጠርታ በጆሮው ነገረችው። ሚሊሻው ወደ ላይ ሄደ። ጥቂት ቆይቶ ጩኸቱ ተሰማ።

«ደራሽ! ደራሽ መጣ!»

ሰዉ አካፋውን አንስቶ ተበተነ፤ እያንዳንዱ ውሃ ወደሚገባበት ወደየማሳው አፍ ሮጠ። ሙላው ግን የያዘውን አካፋ ጥሎ የራሱን ማሳ አልፎ ሮጠ። ከአላምረው እርከን ሥር ተንበርክኮ በእጁ መቆፈር ጀመረ። ደም የነካው አካፋ ይዞ ቀና ሲል ጌጤ ከበላዩ ቆማ ነበር።

ሁሉንም ግራሩ ሥር ሰበሰበቻቸው።

«ደራሽ የለም። ላስደነገጥኋችሁ ይቅርታ። አሁን እግራችሁን እዩ። ከላይ ጥቁር ጭቃ፣ ከሥሩ የደረቀ ቀይ ጭቃ አለ። ጧት የላይኛውን ቦይ ቀይ አፈር ስትቆፍሩ ቆይታችሁ ከቀትር በኋላ ወደ ዋልካው ስለወረዳችሁ ነው። የአያ ሙላው እግር ጥቁር ብቻ ነው።»

«ታጥቤ ነው» አለ ሙላው።

«በምን? ለሚጠጣ የጠፋ ውሃ ለእግር ተገኘ? ጧት ከእነሱ ጋር አልነበሩም። እዚህ ታች ነበሩ። ጅጌው ሲወርድ ተከናንበው ሰልፉ ውስጥ ገቡ። ደም የነካውን አካፋዎን ቀብረው፣ ባዶ እጅ እንዳይታዩ የሟችን ያዙ። ደራሽ ሲባል የተቀበረው እንዳይወጣብዎ የራስዎን ማሳ ትተው ወደዚህ ሮጡ። እትዬ ብዙነሽ፣ አያ ሙላው ጥለውት የሮጡት ይህ አካፋ የማን ነው?»

ብዙነሽ እጀታውን ዳሰሰች። «የባሌ ነው።»

ሙላው ተቀመጠ። እጆቹን ጉልበቱ መሐል ደበቀ።

«ባለፈው ደራሽ የእሱን ተራ ወደ ማሳዬ አዞርኩት። ጅጌው ሳያይ ውሃውን ያዞርኩበትን ግድብ ላፈርስ ጧት ወረድኩ። ደረሰብኝ። ልጆቼን አስራብህ አለኝ። ውሸት ቢሆን እስቅበት ነበር። እውነት ሆነና መታሁት።»

ሙሀመድሰይድ ኩታውን ፊቱ ላይ ሳበ። «የሙላው ማሳ ብቻ ጠጥቶ ሲያድር ሁላችንም አይተናል። ከየት አመጣኸው ያለው የለም።»

የሟች ወንድሞች አፈሙዛቸውን ወደ መሬት አደረጉ። ረመዳን ተፈታ። ሙላው ተያዘ።

አላምረው በተቀበረ ማግስት ረመዳን አካፋውን ይዞ ብቻውን ወደ ሟች ማሳ ወረደ። ሙሀመድሰይድ ተከተለው። የጠራቸው ሳይኖር የቀሩትም መጡ። የጅጌ ዘፈን አልዘፈኑም። ሲመሽ ቦዩ ማሳው አፍ ደረሰ።

ብዙነሽ እርከኑ ላይ ቆማ ታያቸው ነበር።

«ከርሞ ደረሰ?» አለች።

ቀና ያለ አልነበረም።