ዓሣ የመሰለው ምሰሶ

ታላቁ ጎርፍ አሮጌውን ድልድይ ጠራርጎ በወሰደ በሦስተኛው ዓመት፣ ክረምት ሊገባ ሰሞን፣ ወንዙ ገና ከጉልበት አላለፈም ነበር፤ በዳርና ዳሩ ግን የጠራቢዎች መዶሻ ከንጋት ጀምሮ ይጮኻል፤ ኖራ የሚያቦኩት ሰዎችም ከእግር እስከ ራሳቸው ነጭ ሆነዋል።

የግንቡ ሥራ አለቃ ሴት ነበረች። ውኃልክ ከእጇ ስለማይለይ ሠራተኞቹ «እትዬ ውኃልክ» ይሏታል፤ ፊት ለፊቷ ግን ማን ደፍሮ! አሮጌውን ድልድይ የሠራው ባሏ ነበር፤ ጎርፉ ድልድዩንም እርሱንም አብሮ ወሰደ፤ አገረ ገዢውም «በግምበኛው ጥፋት ፈረሰ» ብሎ አዋጅ አስነገረ። ጥፋቱስ የራሱ የገዢው ነበር። ማኅተሙ ከሩቅ እንዲታይለት የምሰሶዎቹ ፊት ሰፊና ጠፍጣፋ ይሁን ብሎ አዘዘ፤ ባልየው እያንገራገረ ታዘዘ፤ ውኃው ያን ግድግዳ እየገፋ፣ ሥሩን ቦርቡሮ ጣለው።

ሌላ ግምበኛ ወንዙን ስለ ፈራ አዲሱ ሥራ ለእርሷ ተሰጠ። እርሷም ዓሣ በወራጅ ውኃ ውስጥ እንዴት እንደሚቆም ስታጠና ከርማ፣ ምሰሶዎቹን በዓሣ አምሳል አቆመች፤ ድቡልቡል ራሳቸው ውኃው ወደሚመጣበት፣ ቀጭን ጭራቸው ውኃው ወደሚወርድበት።

የጠራቢዎቹ አለቃ፣ የባሏ ወንድም የሆነው ዋርሳዋ፣ ግራ ገባው።

«እትዬ፣ ውኃውን የሚሰነጥቀው ሹሉ ነው እኮ! ተገላቢጦሽ አደረግሽው።»

«ዓሣ ጭራውን አስቀድሞ ሲዋኝ አይተሃል?»

«ኧረ አላየሁም።»

«በል እንግዲያው ጥረብ!»

ገዢው ሊጎበኝ መጣ፤ ምሰሶዎቹን አየ፤ ፊቱ ጠቆረ።

«ማኅተሜ የት ሊቀረጽ ነው?»

«እዚህ ላይ ቦታ የለውም፣ ጌታዬ።»

«ስሚ አንቺ ሴት! በምርቃቱ ዕለት በሕዝብ ፊት ‹ያጠፋው ባሌ ነው› በዪ፤ ምሰሶሽ እንዳለ ይቆማል። እምቢ ካልሽ ዛሬውኑ ይፈርሳል።»

«ድንጋዩን ያፍርሱት፣ ጌታዬ፤ ደግሜ እሠራዋለሁ። የባሌን ስም ግን በገዛ እጄ ከናድኩት የሚጠግነው ግምበኛ የለም። ድልድዩን የጣለው የእርስዎ ትእዛዝ ነው፤ ይህን በምርቃቱም ዕለት እናገራለሁ!»

ገዢው «አፍርሱ!» አለ፤ ዋርሳዋ መዶሻውን መሬት ላይ አስቀምጦ ቁጭ አለ፤ ጠራቢዎቹም አንድ በአንድ ተከተሉት። ወታደሮቹ ዶማ ይዘው ገቡ፤ ኖራው ግን ጠንክሮ ስለ ነበር ጠርዝ ጠርዙን ከመጫር አላለፉም፤ ዝናቡ መጥቶ አባረራቸው።

ጎርፉ ግንድ እያንከባለለ ወረደ። ምሰሶው ዘንድ ሲደርስ ለሁለት ተከፈለ፤ ጎኑን ዳብሶ አለፈና ከጭራው ኋላ እንደ ገና ገጠመ። ሴትዮዋ ከዳር ሆና እንባዋ እየወረደ «አየህልኝ፣ አንተዬ!» ብላ ጮኸች፤ የምትጠራው ሟቹን ነበር።

ምሰሶዎቹ ጎርፉን ስለ ቻሉ ገዢው ማፍረሱን ተወ፤ ድልድዩ አልቆ በምርቃቱ ዕለት እንደ ዛተችው ተናገረች፤ በዚያው ሳምንት ከአገር እንድትወጣ ተፈረደባት። የገዢው ጸሐፊም «ጌታችን በጥበባቸው ምሰሶውን በዓሣ አምሳል አሠሩ» ብሎ ጻፈ። ውሸቱን ነው! ስሟንም አላነሣም፤ ታሪክም እስከ ዛሬ አያውቃትም። ነገር ግን ያ ጸሐፊ፣ ያን ሁሉ ሲቀጥፍ ብዕሩ ያልተደናቀፈበት ሰው፣ የአሮጌው ድልድይ ታሪክ ላይ ሲደርስ «ጎርፍ አፈረሰው» ብሎ ብቻ አለፈ፤ እርሷ በምርቃቱ ዕለት የተናገረችውን አገር ሰምቷልና፣ የግምበኛው ጥፋት ነው ብሎ ሊጽፍ አልደፈረም። እርሷም የታገለችው ለዚሁ ነበር።