የተዋጣው ሰው

ፎቅ በፎቅ ወደ ላይ ባደገችው ድሬዳዋ፣ የሰባተኛው እርከን ነዋሪዎች እሁድ ጠዋት ዕድር ቤት እየተሰበሰቡ አካሄዳቸውን፣ ንግግራቸውንና ሳቃቸውን ያዋጣሉ። አንዱ ከመሣሪያ ጋር የተያያዘ ቆብ አጥልቆ ለአንድ ሰዓት ያወራል፤ ሌላው ደረጃ ይወጣል፣ ይወርዳል። አዋጪው ምንም አይጎድልበትም፤ መሣሪያው የሚወስደው ቅጂውን ነው።

ልማዱ የመጣው በባቡር ነጂው በገረመው ምክንያት ነው። ከሦስት ዓመት በፊት የአንጎል ብግነት ያዘውና እንደ ግንድ ተጋደመ። ዓይኑን ከመክደንና ከመግለጥ በቀር የሚችለው ነገር አልነበረም። ሐኪሞች በሞተው የአንጎሉ ክፍል ምትክ ድረ ነርቭ ተከሉለት፤ ድረ ነርቭ የሚሉት ከፀጉር የቀጠነ ሰው ሠራሽ ነርቭ ነው። ነርቩ ግን እንደ ጨቅላ ምንም ስለማያውቅ ከጤነኛ ሰው መማር ነበረበት። ያኔ ዕድሩ ነቅሎ ወጥቶ አዋጣለት። በስምንተኛው ወር ገረመው "ውሃ" አለ። በዓመቱ በእግሩ ገበያ ወረደ።

ይህን ያየ ሰፈር ዛሬ በዚያው በሽታ ለወደቀችው ለዘጠኝ ዓመቷ ማኅሌት ሊያዋጣ ተሰብስቧል። መጀመሪያ እንዲሰጥ የተለመነው ገረመው ነበር። "እኔን አይታችሁ ስጡ" ብሎ ተቀመጠ፤ ሰው አጨበጨበ። ባለሙያዋ ኤፍራታ ቆቡን አጠለቀችለት።

መሣሪያው ጮኸ። "ከአንድ ሰው በላይ ተቀምጧል። እባክዎ አንድ ሰው ብቻ ይቀመጥ።"

ሰዉ ሳቀ። ገረመውም ሳቀ። ኤፍራታ አጥፍታ አበራችው። ያንኑ ደገመ። በሦስተኛው ፊቷ ተለወጠ።

"ምነው ልጄ? ተበላሸ እንዴ?"

"አልተበላሸም፣ ጋሼ።" ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "አካሄድዎ የአቶ ደርብ ነው ይላል። ንግግርዎ የአሥራ አንድ ሰው ነው። ሳቅዎ የእትዬ ይታገሱ። ውሎ አድሮ የራስዎ ይሆናል ብለን ነበር፤ አልሆነም።"

እትዬ ይታገሱ ያረፉት ባለፈው ክረምት ነው። ልጃቸው ከሰልፉ መሐል አፏን ይዛ ወደ ግድግዳው ዞረች።

"የኔስ?" አለ ገረመው። "የኔ የሚለው የቱን ነው?"

ኤፍራታ ስክሪኑን እስከ ታች አየች። "ዓይንዎን የሚከድኑበትን።"

የማኅሌት አባት ተነሥቶ፣ "ታዲያ ልጄ ብትነሣ የምትነሣው ማን ሆና ነው?" ሲል ጠየቀ። ሰዎች አንድ በአንድ ወደ በሩ አዘገሙ። ገረመው ሊያስቆማቸው አፉን ከፈተ፤ የሚወጣው ቃል የማን እንደሆነ ስላላወቀ መልሶ ዘጋው።

የማኅሌት እናት ጠጂቱ ሰዉን ገፍታ መጣች። "ይነሡልኝ፣ ጋሼ። እኔ ልቀመጥ።"

"የተባለውን ሰምተሻል አይደል?" አላት ባሏ።

"ሰምቻለሁ። መጀመሪያስ አፏን የፈታችው ከማን ሰምታ ነው? ከኔ አይደል? አሁንም ከኔ ትስማ።"

ቆቡን ራሷ አጠለቀችና፣ ልጇ አጠገቧ ያለች ይመስል ማውራት ጀመረች። በሩ ላይ የደረሱት ቆሙ። ጥቂቶቹ ተመለሱ፤ ብዙዎቹ ሄዱ።

ገረመውና ሚስቱ ሙሉሸዋ ቤታቸው ገቡ።

"ታውቂ ነበር?" አላት።

"ከሆስፒታል የወጣህ ቀን። ስሜን ስትጠራው አወቅሁ። እሱ እንዲያ አይጠራኝም ነበር።"

"ለምን ዝም አልሽ?"

"አገር እልል ሲል እንዴት ላልቅስ? አንተ ቆመህ እየሄድክ፣ ባሌ ሞተ ብዬ ድንኳን ላስጥል? መታጠቢያ ቤት ገብቼ፣ ውሃውን ከፍቼ ነው ያለቀስኩት።"

ሊይዛት እጁን ዘረጋና መልሶ ሰበሰበ። ወንበሩን አስጠግቶ፣ ለቅሶ ሊደርስ እንደመጣ ሰው አንገቱን ደፍቶ ከፊቷ ተቀመጠ።

"እግዜር ያጥናሽ" አላት። "እስቲ ንገሪኝ፤ ምን ዓይነት ሰው ነበር?"

ሙሉሸዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ፊት ድምፅዋን አውጥታ አለቀሰች። ከዚያ ነገረችው።