ስምንት መቶ በስድስት መቶ

ልጅቷ ላፕቶፑን ለሦስተኛ ጊዜ አጥፍታ አበራችው። ፊደላቱ ያው ናቸው፤ እያንዳንዳቸው የካፖርት ቁልፍ ያክላሉ። የጂኦግራፊ ሪፖርቷ ሠንጠረዥ ከስክሪኑ ተርፎ ወደ ጎን ፈስሷል። «አስቀምጥ» የሚለው ምልክት ደግሞ ከታች ተቆርጦ የገባበት አይታወቅም። ሪፖርቱ ሰኞ ጠዋት ይፈለጋል።

«አልኩሽ እኮ» አለ ሽቦ። የክፍል ጓደኛዋ ነው፤ ስሙን ያወጣለት ቅጥነቱ ነው። ፍላሹን በጣቱ ያሽከረክራል። «ሊኑክሱን፣ ሲስተሙን እንዳለ፣ ጠራርገን እንደ አዲስ እንጭነዋለን። ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።»

«የወንድሜስ ነገር?»

ፍላሹ መሽከርከሩን አቆመ። ወንድሟ ካረፈ አራት ወሩ ነው። ላፕቶፑን ከነጭረቱ፣ ከነተለጣፊው ወርሳዋለች፤ የከፈተችው ግን ለሪፖርቱ ስትል ገና ትናንት ነው።

«ይጠፋላ» አለ ሽቦ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ቆይ እስቲ።»

የስክሪኑን ሴቲንግ ከፈተች። መጠኑ 800 በ600 ይላል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ፊደሉ ይተልቃል። 1366 በ768 የሚለውን ስትመርጥ ሁሉም ነገር ጥርት ብሎ ቦታ ቦታውን ያዘ። ግን ይሄንንም ሁለቴ ሞክራዋለች፤ ጠፍቶ ሲበራ ወደ ድሮው ይመለሳል።

«ስክሪኑን የሚያሠራው ድራይቨር ነው የተበላሸው» አለ ሽቦ።

«ድራይቨሩ ቢሆን ትልቁን መች ያስመርጠኝ ነበር? መቻሉንስ ይችላል። በበራ ቁጥር ዝቅ በል የሚለው አለ።»

«ጂን ነዋ።»

«አፍህን ዝጋና ወንበሩን አስጠጋ።»

ሲበራ አብረው የሚነሱትን ፕሮግራሞች ዝርዝር አወጣች። አምስቱን ሽቦ ያውቃቸዋል። ስድስተኛውን የጻፈው ወንድሟ ራሱ ነው፤ ስክሪኑን 800 በ600 የምታደርግ አንዲት መስመር ትእዛዝ። ስም በሚሞላበት ቦታ እንዲህ ይላል፦ «ለእማዬ ዓይን። እንዳይነካ።»

እናቷ እዚያው ክፍል ጥግ የስፌት መኪናዋን እየረገጠች ነው። ላፕቶፕ ነክታ እንደማታውቅ ለሁሉም ትናገራለች።

«እማዬ፣ ፊደሉን ያተለቀው ለአንቺ ነው እንዴ?»

መኪናው ቆመ። እናቷ ያልተጨማደደውን ጨርቅ በመዳፏ ዳሰሰችው።

«ቅዳሜ ቅዳሜ በዚሁ ላፕቶፕ መጻፍ ያስተምረኝ ነበር። ለሰው አልናገርም ብሎኛል፤ እንደቃሉ አልተናገረም። የልብስ ሰፊዋ ዓይን ደከመ ከተባለ ማን ጨርቁን ያምነኛል?»

ልጅቷ መርፌው ትዝ አላት። ዓመት ሙሉ «ክር አስገቢልኝ፣ እጄ ተይዟል» ስትባል፣ እያጉረመረመች ነበር የምታስገባው። የእናቷ እጅ ያልተያዘበትን ቀን ሁሉ አሁን አስታወሰች።

ሽቦ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።

ትእዛዙን ለማጥፋት አንድ ጠቅታ ይበቃል። ሳትነካው ዘጋችው። በራሷ ስም ሌላ መግቢያ፣ የራሷን አካውንት፣ ከፈተች፤ በዚያኛው 1366 በ768 አደረገችና አጥፍታ አበራችው። አልተመለሰም።

«ፍላሽህን ስጠኝ» አለች።

«አሁንማ ለምንሽ ነው?»

«ሪፖርቴን ወደ ራሴ ላሻግረው።»

ሠንጠረዡን ከራት በፊት ጨረሰች። ሽቦ ሲሄድ ከራሷ መግቢያ ወጥታ በወንድሟ መግቢያ ገባች። ስክሪኑ አንዴ ጨልሞ በራ፤ ፊደላቱም የካፖርት ቁልፍ አከሉ።

«እማዬ፣ ቅዳሜ እኮ ነው ዛሬ» አለችና ሽቦ የተቀመጠበትን ወንበር ትንሽ ወደ ስክሪኑ አስጠጋችው።