ሽቶ የፈሰሰበት ሻንጣ

አዛውንቱ አልጋቸው ላይ ሞተዋል፤ ልጃቸው ደግሞ ሰዓቱን ያያል።

«አውሮፕላኑ እንዳያመልጠን፣ ቶሎ ጨርሱልን» አለ። ወላጅ አባቱን እንዲህ የሚሸኝ ልጅ ለጠላትም አይስጥ!

መርማሪዋ ወደ አልጋው ጎንበስ አለች። ሟቹ አስም ነበረባቸው። ከራስጌያቸው የማይጠፋው ወደ አፋቸው የሚነፉት መድኃኒት የለም፤ እጃቸው ወደ ባዶው ኮመዲኖ እንደተዘረጋ ቀርቷል። ክንዳቸው በጣት ተጨምቆ በልዟል፤ አንዳንዱ ብልዝ የቆየ ነው።

ሳሎን ውስጥ አራት ሻንጣ ተደርድሯል። ልጅየው፣ ሚስቱና የሟቹ ታናሽ ወንድም ከአዛውንቱ ጋር ውጭ አገር ያለችውን ሴት ልጃቸውን ሊጠይቁ ነበር።

«የእሳቸውን ሻንጣ ማን አዘጋጀው?»

«ራሱ ነዋ!» አለ ወንድምየው። «ልብሱን፣ ለልጅ ልጁ የገዛላትን አሻንጉሊት ሲከት አይቻለሁ። ማታ ሻንጣውን አብረን ዘግተን ተኛን። ጠዋት ምራቱ ስትጮህ ተነሳን፤ እናንተ እስክትመጡ ሦስታችንም ከአጠገቡ አልተለየንም።»

ሻንጣው ሲከፈት ሽቶ የመርማሪዋን አፍንጫ መታው። የሴት ጫማ፣ ቀሚስ፣ ክዳኑ የላላ አዲስ የሽቶ ጠርሙስ። የሽማግሌው አንድ ካልሲ እንኳ የለም።

«የኔ ነው!» አለች ምራትየዋ ደንግጣ። «ሻንጣዬ ከበደኝና ማታ አውጥቼ ትቼው ነበር። ሽቶው ለባሌ እህት ስጦታ ነው። እሱ ‹ቦታ አይጠፋም፣ አታስቢ› አለኝ።»

ጓሮ ካለው የቆሻሻ ጆንያ የአዛውንቱ ልብስና አሻንጉሊቷ ወጡ። መድኃኒቱም አብሮ በተጣለው ካፖርታቸው ኪስ ውስጥ ነበር። መርማሪዋ ሦስቱንም ሰበሰበቻቸው።

«ሻንጣው የተገለበጠው ሌሊት ነው፤ የገለበጠው ሰው አዛውንቱ እንደማይሄዱ ሬሳቸው ከመገኘቱ በፊት ያውቅ ነበር። ባለጫማዋ ናት እንዳልል፣ የራሷን ሻንጣ አየሁት፤ እያንዳንዱን ጠርሙስ በፌስታል ጠቅልላለች። ይሄኛው ዝም ብሎ የተወረወረ ነው። እስኪ እጃችሁን።»

የምራትየዋ ሳሙና ሳሙና ይላል፣ የወንድምየው ትምባሆ። ልጅየው እጁን ኪሱ ከተተ።

«አውጣው እንጂ!»

እጅጌው ሽቶ ሽቶ ይላል።

«ክንዳቸውን ያበለዝከው አንተ ነህ። ለእህትህ እንዳይነግሯት ፈራህ። ትንፋሽ ሲያጥራቸው መድኃኒታቸውን ይዘህ ቆመህ አየሃቸው። ይሄ አንሶህ የእሳቸውን የሻንጣ ኪሎ ለጫማ አዋልከው!»

«ታዲያ ቦታው ባክኖ ይቅር?» አለ ልጅየው።

ሚስቱ ወደ መታጠቢያ ቤት ሮጣ በሩን ዘጋች። ፖሊሶቹ እየገፉ አስወጡት። ደጅ የቆመው ታክሲ ጥሩንባ ነፋ።

ወንድምየው ወደ መርማሪዋ ዞረ። «ልጄ፣ እኛስ መሄድ እንችላለን?»

«ሲመታቸው ይሰሙ ነበር?»

«ያው... የአባትና የልጅ ነገር ነው ብዬ...»

መርማሪዋ መስኮቱን ከፈተች፤ አሻንጉሊቷን አንስታ እጁ ላይ አኖረችለት።

«ቃልዎን ሰጥተው ሲጨርሱ ይሂዱ። ይሄን ለልጅቷ ያድርሱላት። ወንድምዎ ለእናቷ ሊነግሯት የነበረውንም ይንገሯት፤ እየሰሙ ዝም ማለትዎን ሳያስቀሩ።»