ቁልፍ የሌለው ሰማያዊ ቀሚስ

እመኑኝ ብዬ አልለምናችሁም። ያላመነ ይለፈው። እኔ የማወራው በዓይኔ ያየሁትን ነው።

ቦታው ሻውሺንግ ከተማ፣ ከቦዩ ዳር ያለው ቤታችን ፎቅ ላይ ነው። ወሩ ሰኔ፣ ዝናቡ ለሳምንታት የማያባራበት ጊዜ። ሰዓቱ ሁልጊዜ ከቀኑ ዘጠኝ...

ሠዓሊ ነኝ። የድሮ ዘመን ሴቶችን በዘይት ቀለም እሥላለሁ። ሐር ለብሰው፣ ማራገቢያ ይዘው፣ አንገታቸውን ሰበር አድርገው መስኮት አጠገብ የተቀመጡ። ሰው ይወድልኛል። «ዛሬ እንዲህ ያለ ደርባባነት የት ይገኛል?» እያልኩ ሚስቴን ሊያንዪን አሰለቻት ነበር።

እሷ ደግሞ ደርባባነት የሚባል ነገር አልፈጠረባትም። ስትስቅ ጀልባ ቀዛፊዎቹ ቀና ብለው ያዩናል።

በዚያ ሰኔ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ የሐር ቀሚስ ገዛሁ። አንድም ቁልፍ የለውም። ጎኑ ላይ በጥብጣብ ይታሰራል። ውበት ማለት ይህ ነው ብዬ ሊያንዪን አልብሼ አስቀመጥኳት።

«አንተ ሰውዬ፣ ወገቤ ተቆረጠ እኮ።»

«ዝም ብለሽ ተቀመጪ። የድሮ ሴቶች እንዲህ አይለፈልፉም።»

«ለዚህ ነዋ አልቀው የቀሩት።»

ሳቅን።

ስሥል ከታች እጀምራለሁ፤ ፊት የመጨረሻ ነው። በመጀመሪያው ቀን ጫማዋን ጨረስኩ።

በማግስቱ «እግሬን በረደኝ» አለች። ዝናቡ ነው አልኳት።

እጆቿን ስጨርስ፣ ምሳ ላይ የሩዝ ሳህኑ ከእጇ ወደቀ።

መውደቁን አላወቀችም... ጣቶቿ እንደያዙ ቀርተው ነበር።

አንገቷን ስጨርስ መሳቋን አቆመች። ቀጥ ብላ፣ ድምፅ ሳታሰማ ትቀመጥልኝ ጀመር። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል፤ ያን ቀን ደስ ብሎኝ ነበር። በመጨረሻ አቀማመጥ አወቀችበት ብዬ።

በዚያው ቀን ጎረቤታችን እትዬ ጓን በቅጠል ተጠቅልሎ የተቀቀለ ሩዝ ይዘውልን ወጡ። በወጣትነታቸው ሬሳ አጥበው የሚያለብሱ ሴት ነበሩ።

በሩ ላይ ቆሙ።

«ማን ሞተ?» አሉ በሹክሹክታ።

«ማንም አልሞተ። ሥዕል ነው፣ እትዬ።»

«ቁልፉስ?»

«የለውም።»

«የሬሳ ልብስ እኮ ነው ቁልፍ የሌለው፣ ልጄ። ይሄ ደግሞ... ከመቃብር የወጣ ነው። አውልቅላት። አሁኑኑ።»

አያቴ ሲገነዙ በጥብጣብ ሲያስሩላቸው አይቼ ነበር። ሐሩ ዓይኔን ጋረደኝና ረሳሁት።

ቋጠሮው አልፈታ አለን። በመቀስ ቆረጥነው። ሊያንዪን ብርድ ልብስ ደርበን አስተኛናት፤ እትዬ ጓን ቀሚሱን ግቢ ውስጥ አቃጠሉት። እኔም ፊቷን ላልሥል ማልኩ። ሸራው ከአንገት በላይ ባዶ ነበር።

በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወደ ሥዕል ክፍሌ ገባሁ።

ፊቱ ተሥሏል።

የሊያንዪ ፊት ነው። ቀለሙ ገና እርጥብ ነው። የብሩሹ አጣጣል የእኔው ነው፤ ያን ያህል አሳምሬ ግን ሥዬ አላውቅም። አፏ ከፈት ብሏል። እየጠራችኝ ይመስላል።

ወደ መኝታ ቤት ሮጥኩ። አልጋው ተነጥፏል። ሚስቴ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣለች፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ።

«ሊያንዪ?»

ዞር አለች። አፏን በእጇ ሸፍና ፈገግ አለች...

መልኳ የሚስቴ ነው። ሴትየዋ ግን ሚስቴ አይደለችም።

ይህ ከሆነ ሦስት ሳምንት አለፈው። እትዬ ጓን ከዚያ ወዲህ ደጃችንን አልረገጡም። ሸራውን ልፍቀው ብዬ ቢላዋውን ብዙ ጊዜ አንስቻለሁ። ብፍቀው የምፍቀው ማንን እንደሆነ ሳስብ መልሼ አስቀምጠዋለሁ።

ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሥዕል ክፍሌ ስገባ ሴትየዋ የሊያንዪን ሥዕል ግድግዳው ላይ ሰቅላዋለች። አጠገቡ አዲስ ሸራ ወጥራለች። ወንበሩ ላይ የታጠፈ የወንድ ልብስ አለ። ጥቁር ሐር ነው። በልኬ።

«ልበሰው» አለችኝ በለሆሳስ።

መሸሽ እችል ነበር። በሩ ክፍት ነው። ግን ወንበሩ ከሥዕሉ ፊት ለፊት ነው... እዚያ ከተቀመጥኩ ከሊያንዪ ጋር ዓይን ለዓይን እንተያያለን። በጣም ናፍቃኛለች።

ለበስኩት። ተቀመጥኩ። ሴትየዋ ጎንበስ ብላ ጥብጣቡን በቀስታ አሰረችልኝ።

ቀና አልኩ።

ሊያንዪ ግድግዳው ላይ ሆና ራሷን እየወዘወዘች ነበር። ተው... ተው... እንደሚል ሰው።